ማስተር የለኝም ያልኩ ቀን

ጌታው፣

እንደምን ሰነበትክ? ካለፍክ እነሆ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ የሚነገር ነገር እስኪኖረኝ ስጠብቅ ነው። አንተ እንደሆንክ «እኔ ደኅና ነኝ፣ አንተስ እንዴት ነህ» ብቻ የያዘ ደብዳቤ ሲመጣልህ «ቴምብሩ አሳዘነኝ» የምትል ሰው ነበርክ። ስለዚህ ወሬ ይዤ መጥቻለሁ፤ ያውም ትልቅ ወሬ። ግን አንተም እንደምታደርገው ከትንሹ ልጀምርና ትንሽ ላስጠብቅህ።

ሊፍቱ ተሠራ። አዎ፣ አንተ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰፈሩ አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ ስትጽፍለት የኖርከው ሊፍት! ከሄድክ በአራተኛው ወር ሁለት ሰዎች መጥተው በአንድ ቀን ጠግነውት ሄዱ። ያን ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባሏ የሞተባት ሴት በሊፍት ታለቅሳለች ወይ ትል ይሆናል፤ እኔ አልቅሻለሁ። በመጨረሻዎቹ ወራት አምስት ፎቅ ስትወጣ በየመታጠፊያው እየቆምክ «እስቲ ዕይታውን ልየው» ትለኝ የነበረው ትዝ ብሎኝ ነው። ዕይታው እኮ ግድግዳ ነበር።

ልጃችን ሊድያ እዚሁ ለንደን፣ ዌምብሊ ሥራ ይዛ እዚያው ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታለች፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ስቶክዌል ቤት ትመጣለች። አማርኛዋ አሁንም ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚያልቅባት፤ የቀረውን በእንግሊዝኛ ትሞላዋለች። በረንዳው ላይ የተከልከው ዳማ ከሴ አለ። ብርዱ ሲመጣ ወደ ሳሎን አስገብቼ ከራዲያተሩ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። የሞተ መስሎኝ ልጥለው ስል ከሥሩ ሁለት ቅጠል ብቅ አለ። እልኸኛ ነው፤ ማን እንዳሳደገው ያስታውቃል።

ፍሬሙም እንደሰቀልከው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ፣ ያንን እንደ ድንኳን የሚሰፋ ካባ ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ካለበት ቀጥሎ፣ ባዶውን። «ይሄ የማስተርሱ ነው» ብለህ በሚስማር መትተህ ስታበቃ ወደ ኋላ ሄደህ እንደ ሥዕል ስታየው ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉህ «የባለቤቴ ማስተርስ ነው፤ ገና አልደረሰም» ትላለህ። እኔ በኀፍረት ወጥ ቤት እገባለሁ።

ጌታው ብዬ ስጠራህ ሊድያ አሁን አሁን ደስ አይላትም፤ ያለንበት ዘመን አይደለም ትለኛለች። እንዴት እንደጀመረ ስለማታውቅ ነው። እዚህ ቤት በገባን ሳምንት፣ እኔ ቢሮ ሳጸዳ ውዬ ስመለስ አንተ ሥራ ፈት ሶፋው ላይ ተጋድመህ «ሻይ አለ?» ስትለኝ፣ «ጌታው፣ ወጥ ቤቱ በዚያ በኩል ነው» ብዬህ ነው። ተነስተህ ሻዩን አፍልተህ፣ በሰሃን አድርገህ፣ ጎንበስ ብለህ «እንኩ እመቤት» አልከኝ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ዓመት እኔ ጌታው ስልህ፣ አንተ እመቤት ስትለኝ ኖርን፤ ሻዩን ግን ያፈላኸው አንተ ነህ።

አሁን ወደ ወሬዬ።

ኪልበርን ያሉትን እማማ ትርሐስን መቼም አትረሳቸውም። አስተርጓሚ ሆኜ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞር በጀመርኩበት ዓመት ከንፈራቸው ቆስሎ፣ ትኩሳት ይዟቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው «ምች መታኝ» አሉ። በስልክ የሚያስተረጉምላቸው እዚሁ የተወለደ ልጅ ነበር፤ ምች ምን እንደሆነ ከየት ይወቀው? ስም መስሎት «ምች የሚባል ሰው መታኝ ይላሉ» አለ። ሚች ደግሞ እዚህ አገር የወንድ ስም ነው። ነርሷ ደንግጣ እጃቸውን ያዘች። ከዚህ በፊትስ መቷቸው ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። እማማ በሐቅ መለሱ፦ «በየዓመቱ ነው የሚመታኝ፤ ፀሐይ ሲወጣ።» እኔ በአካል ተጠርቼ ስደርስ ፎርሙ ተሞልቶ ሚችን ለፖሊስ ሊነግሩበት ነበር።

ቤት መጥቼ ስነግርህ ዕንባህ እስኪመጣ ሳቅክ። ከዚያ ድንገት ፊትህ ተለወጠና «ይሄ ቀልድ አይደለም። ጻፊው» አልከኝ። በማግስቱ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝተህ፣ እንደ አስተማሪነትህ በቀይ እስክሪብቶ ኅዳግ አስምረህ ሰጠኸኝ። በግራ ገጽ ሕመምተኛው ያለው ቃል፣ በቀኝ ገጽ ያ ቃል እንግሊዝኛ ሲሆን የደረሰበት። የሰው ስም የለም፣ የቦታ ስም የለም፣ ቃል ብቻ። አንድ ደብተር ሁለት ሆነ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ዘጠኝ ደረሰ። ይቆረጥመኛል፣ ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይለበልበኛል፣ ያነዝረኛል። በቀኝ በኩል ብታየው አብዛኛው አንድ ቃል ሆኖ ቁጭ ብሏል፦ ፔይን፣ ፔይን፣ ፔይን።

የመጨረሻውን ገጽ የጻፍኩት ካንተ ነው። ሐኪሟ አልጋህ አጠገብ ቆማ ሕመሙ ምን ምን እንደሚልህ ስትጠይቅህ፣ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርክ ሰው እንግሊዝኛው ሁሉ ከድቶህ «ይጠዘጥዘኛል» አልክና ወደ እኔ ዞርክ። እኔ፣ ባለ ዘጠኝ ደብተሯ፣ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። «ፔይን» አልኳት። አንተ ፈገግ ብለህ «አሳነስሽው» አልከኝ። አልተቆጣህም። ያቺ ፈገግታ ግን እስካሁን ጎኔን ትወጋኛለች። ከሁለት ቀን በኋላ እጄን ይዘህ «ማስተርስሽን ያዢና ያቺን ቃል ፈልጊያት፤ ፍሬሙ ባዶውን እንዳይቀር» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ቃል ገባሁልህ።

ስለዚህ ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ አፕላይ አደረግኩ። ለማስተርስ ነው ያልኩህ፣ ልብ በል። ሊድያ ፎርሙን አብራኝ ሞላች፤ አሥር ጊዜ ቼክ አደረገችው። ለኢንተርቪው ጠሩኝ። ዘጠኙንም ደብተር በዚያ ባለ ጎማ የገበያ ጋሪ አድርጌ በቪክቶሪያ መስመር ባቡር ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሽንኩርት የያዝኩ ሳይመስለው አይቀርም።

ሦስት ሰዎች ናቸው የጠበቁኝ። መሐል ላይ የተቀመጠችው ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ፕሮፌሰር ናት። ያሉኝን የትምህርት ማስረጃዎች ጠየቀችኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ነገርኳትና፣ እንዳታስቸግረኝ ብዬ ቀድሜ፣ ቀና ብዬ፣ ጮክ አድርጌ «አይ ሃቭ ኖ ማስተር» አልኩ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ በግራ በኩል ያለው ሰውዬ አፉን በእጁ ያዘ። «ስ»ዋን ውጫታለሁ፣ ጌታው! ስንት ዓመት «መጨረሻዋን ስ አትዋጪያት» እያልክ የለመንከኝን። ማስተርስ ብል ዲግሪ ነበር፤ ማስተር ስል ጌታ ሆነ። «ጌታ የለኝም፣ የሚያዘኝ የለም» ብዬ ነው ፊታቸው ደረቴን የነፋሁት። ፕሮፌሰሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ግድ የለም፣ ዶክትሬት የሚሠራ ሰውም ጌታ አያስፈልገውም አለችኝ። እኔም ሳቅኩ።

እየሳቅኩ ነው የገባኝ። ጌታ የለኝም። ጌታው የለኝም። ባዕድ ቋንቋ ውስጥ ተሳስቼ፣ በአማርኛ ለማንም ያልተነፈስኩትን ነገር ለሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ተናገርኩት። ዕንባዬ መጣ። ደነገጡ። እኔም ምን ቀረኝ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በቤታችን ማን ማን እንደሚባል፣ ማን ሻይ እንደሚያፈላ፣ ሐኪሟ ፊት የቱ ቃል እንደጠፋኝ፣ አሳነስሽው እንዳልከኝ። ከዚያ ጋሪውን ከፈትኩ። ለሃያ ደቂቃ የተጠራሁት ሴትዮ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። የሚች ታሪክ ላይ ስደርስ ሰውዬው ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ፤ ከዚያ እሱም እንዳንተ ፊቱ ተለወጠና ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበው።

ከሳምንት በኋላ ኢሜይል መጣ። ኦፈር ነው፤ ተቀብለንሻል የሚል። አነበብኩት፣ ዶክትሬት ይላል። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩት፤ አሁንም ዶክትሬት ይላል፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አለው ይላል። ያደረግኩትን ብነግርህ ትቆጣለህ፤ ግን እኔን ታውቀኛለህ። «ይቅርታ፣ ይህ ደብዳቤ የሌላ ሰው ነው። እኔ ያመለከትኩት ለማስተርስ ነው። ባለቤቱ በጉጉት እየጠበቀ ይሆናልና እባካችሁ ቶሎ አድርሱለት» ብዬ መለስኩላቸው። ቅንነቴ ራሴኑ ደስ አሰኝቶኝ ገበያ ወጣሁ።

ፕሮፌሰሯ እዚያው ገበያ መሐል ደወለች። ደብዳቤው የአንቺ ነው አለችኝ። ደብተሮቹን ሦስቱም አንብበዋቸዋል፤ አንድ ተማሪ በማስተርስ የሚማረው ማስረጃ መሰብሰብንና መመዝገብን ነው፣ ያንን አንቺ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተሽዋል፣ ደግመሽ ተማሪው ማለት ነውር ነው አለች። የሚጎድልሽን የጥናት ዘዴ በመጀመሪያው ዓመት ከሥራሽ ጎን ትወስጂዋለሽ፤ ሱፐርቫይዘርሽ እኔ ነኝ። አስቢበትና በሁለት ሳምንት መልስ ስጪን አለችኝ።

እልል ልል ይገባኝ ነበር፤ ይልቅስ ፍርሃት ያዘኝ። ቤት ገብቼ ፍሬሙን አየሁት። የገባሁልህ ቃል ማስተርስ ነው። ዘልዬ ካለፍኩ ያ ፍሬም ለዘላለም ባዶ ሊሆን ነው፤ አንተ ከሌለህ ደግሞ ቃሌን ማን ያሻሽልልኛል? ፍርሃቴ እሱ ብቻ አልነበረም። አዝነውልኝ ይሆን? ፊታቸው ስላለቀስኩ ይሆን? እዚያ ገብቼ ከማስተርስ ባለቤቶች መሐል አፌን ስከፍት የዘለልኩት ደረጃ ቢታወቅብኝስ?

ሊድያ «ማሚ፣ ጀስት ሴይ የስ!» ብላ ጮኸችብኝ። ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ጋሽ ሙላቱን ባማክራቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ማስተርስ ሳይያዝ ዶክትሬት የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ እንዳትታለይ አሉኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ፤ ሽማግሌ ናቸው። በሆዴ ግን እንቁላሉ እኮ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ መቼ ሊሄድ ነው አልኩ። ቢሆንም ቤት ስገባ ንግግራቸው ተከትሎኝ ገባ፤ አሥር ቀን እንደዚሁ አለፈ።

በአሥራ አንደኛው ቀን እማማ ትርሐስ ዘንድ ኪልበርን ሄድኩ፤ ካንተ ዳማ ከሴ ጥቂት ቅጠል ልወስድላቸው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ቅጠሉን እያሸተቱ ሰሙኝና «እኔን ያን ጊዜ ያዳመጥሽኝ በየትኛው ዲግሪሽ ነበር?» አሉኝ።

ያን ጊዜ የመጀመሪያውም አልነበረኝም።

በባቡር ስመለስ አንተ ታስተምራት የነበረችው የአሰላዋ ልጅ ትዝ አለችኝ። ሦስተኛ ክፍል ሆና የአምስተኛን ሒሳብ የምትሠራዋ፣ ደብል ትምታ ብለህ ከዳይሬክተሩ ጋር የተጣላህላት። ዳይሬክተሩ አራተኛን ዘልላ እንዴት ይሆናል ሲሉህ፣ እሷ አልዘለለችም፣ አራተኛ ክፍል ነው የዘገየባት ብለህ ፊርማቸውን ሳትይዝ ከቢሮ አልወጣህም። መቶ ጊዜ ነግረኸኛል። መቶ ጊዜ ስሰማህ ያቺ ልጅ እኔ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ማስተርሱ ነው እኔ ላይ የዘገየብኝ፣ ጌታው። ልጅ ሳሳድግ፣ ቢሮ ሳጸዳ፣ በሰው ሕመም መሐል ቆሜ ቃል ስፈልግ ዘግይቶብኝ፣ እኔ ሳላየው አልፌው ሄጃለሁ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ሲግናል እስኪያገኝ አልጠበቅኩም፤ መልሱን ባቡር ውስጥ ጽፌ ስቶክዌል ስወጣ ላክሁት። አንድ ቃል ነው። እሺ።

ደብል መታሁ! ስማኝማ፣ በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ ለንደን ላይ፣ ደብል መታሁ!

ከጀመርኩ ይኸው ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ስሜ ያለበት ካርድ አለኝ፣ በር ይከፍትልኛል፤ የመጀመሪያውን ቀን ያለ ጉዳይ አራት ጊዜ ወጥቼ ገባሁ። ክፍላችን ውስጥ አምስት ነን፤ አራቱ የሊድያ እኩዮች ናቸው፣ ሁሉም ባለ ማስተርስ። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ እያፈረች መጥታ ዘጠኝ ደብተር ሙሉ እንዴት መሰብሰብ እንደሚቻል ጠየቀችኝ። ወንበር አስጠጋሁላት። ፕሮፌሰሯ በስሜ ጥሪኝ ትለኛለች፤ አፌ እሺ አይልም። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንጂ በሆዴ አንቱ ነው የምላት። የጥናቴን ርዕስ እንግሊዞቹ እንደፈለጉ ይጻፉት እንጂ መካከሉ ላይ «ይጠዘጥዘኛል» በፊደላችን ተጽፏል። እንዳይተረጎም ብዬ ነው ያስፈረምኳቸው። መጀመሪያ እንዳለ ይሰሙታል፤ ከዚያ አራት ዓመት አብረን እንፈልግለታለን። ከእንግዲህ አላሳንሰውም።

ለሚካኤል ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ስሜን ጠርተው ለምእመኑ ነገሩ። ሴቶቹ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ሊድያ እንደ እሳት ቀላች። ጋሽ ሙላቱ ሕዝቡን ገፍተው መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «ዶክተር» አሉኝ። ገና ነኝ ጋሽዬ፣ ቀስ በቀስ ነው አልኳቸው። ሳቁ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ሳቁ። እኔ ግን ከእልልታው መሐል ዘወር ብዬ ከወንዶቹ በኩል ሦስተኛውን ዐምድ አየሁ፤ ጫማህን አውልቀህ የምትቆምበትን። እዚያ ቆመህ አንገትህን ሰገግ አድርገህ ስትኮራብኝ ለማየት ምን ባልሰጠሁ። ይሄንን ደስታ ያላንተ መደሰት ከባድ ነው፤ ግን ተደስቼዋለሁ፣ አልዋሽህም። ጠግቤ ነው የተደሰትኩት።

ያለፈው እሑድ ሊድያ መጥታ ከግድግዳው ፊት ቆመችና ፍሬሙን እናውርደው ወይ አለችኝ። ማስተርስ ከሌለ ምን ይገባበታል?

አላወረድነውም። ፎቶህን ከአልበሙ አወጣሁ፤ በረንዳው ላይ ዳማ ከሴውን ስታጠጣ፣ አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ፣ ፊትህ ወደ እኔ፣ ልትናገር አፍህን ልትከፍት ስትል የተነሳኸውን። ልክ ገባ። ዳሩን እንኳ መቁረጥ አላስፈለገኝም። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ሚስማር መታሁ፤ ትንሽ ተጣሟል፣ ግን የመታሁት ራሴ ነኝ። ለዶክትሬቱ ነው። ገና አልደረሰም።

ቃሌን ጠብቄልሃለሁ፣ እጠብቅልሃለሁም። «ስ»ዋንም ከዛሬ ጀምሮ እላታለሁ፤ ግን አንድ ቦታ ላይ አልላትም። ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ማስተር አለሽ ወይ?» ቢለኝ ግድግዳውን አሳየዋለሁ። እዚያ ነህ።

እመቤት